የመጨረሻዋ ወረቀት እኔ ጋ ናት

ሽፌ ሆዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። እኔ ደህና ነኝ። በእግሬ ያቆመኝ ጸሎት ነው እንዳልልህ ታውቀኛለህ። እልህ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ያለውን የመጽሐፍ ማከራያ ሱቅህን ለሞባይል ሽፋን ሻጭ አከራየሁት። አግዳሚ ወንበርህን ግን አልሰጠሁትም፤ በረንዳችን ላይ ነው። ልጃችን ቤዛ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ እሱ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትጎረጉራለች። የማወራህ ጉድ ሁሉ የመጣው ከዚያ ስልክ ነው።

ወዳጅህ ደረጀ፣ ያ የሃያ ዓመት ደንበኛህ፣ አርባህ በወጣ ማግስት ቤት መጣ። መጽሐፎችህን ስካን አድርጎ፣ ስምህ እንዳይጠፋ ኢንተርኔት ላይ እንደሚያስቀምጣቸው እያለቀሰ ነገረኝ። እንባውን አምኜ ያንን ሁሉ የስለላና የወንጀል ልብወለድ፣ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥና ቀይ ቀሚስ የማይጠፋውን፣ በሁለት ባጃጅ ጭኜ ሰጠሁት። ሞኝነቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከፋሲካ በኋላ ቤዛ አንድ የቴሌግራም ቻናል አሳየችኝ። የድሮ የኪስ ልብወለዶች በፒዲኤፍ የሚለቀቁበት ነው፤ ተከታዩ ለጉድ ነው። ባለቤቱ ደረጀ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ከአፌ ቀንሼ የሰበሰብኳቸው ብሎ ጽፎበታል። ፊተኛው ገጽ ላይ ማኅተምህ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል፤ አጥፍቶታል። በላስቲክ የለበድካቸው አንተ፣ ጀርባቸውን በሙጫ የጠገንካቸው አንተ፣ ስምህ ግን የትም የለም። ስልኩን ለቤዛ መለስኩላት።

ቀጥላ ሰዉ ስር ስር የጻፈውን አነበበችልኝና ሳቅሁ። ከቀብርህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም የሚጮኸው አንድ ነገር ነው፤ መጨረሻው የታለ፣ ገዳዩ ማነው ይላሉ። የአንዱም መጽሐፍ መጨረሻ የለማ።

አንተ መቼም ስታከራይ የመጨረሻዋን ወረቀት በምላጭ ቆርጠህ ታስቀር ነበር። መጽሐፉን የመለሰ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያቺን ወረቀት ያነባል፤ ያልመለሰ መጨረሻውን ሳያውቅ ይኖራል። የሞጆ ሹፌሮች ከጅቡቲ ሲመለሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወዳንተ ነበር የሚሮጡት። ያ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ጥላሸቱን ሳያራግፍ መጥቶ፣ መጨረሻውን አንብቦ፣ ራሱን ይዞ ብቻውን ሲስቅ አብረን አይተነዋል። ሰው እንዲህ ታሰቃያለህ ወይ ብዬ ስቆጣህ፣ መጽሐፍ የማይጠፋብኝ በዚህ ነው ትለኝ ነበር። ደረጀ ደንቡን ያውቃል። ግን በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ወረቀቶቹን መጠየቅ ረሳ። እኛው አልጋ ስር፣ በጫማ ካርቶን፣ እያንዳንዳቸው ማኅተምህ እንዳረፈባቸው ተቀምጠዋል።

አንተ ብትሆን ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው ትል ነበር። እኔ ግን አንተ አይደለሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደረጀ ወረቀቶቹን ፈልጎ ደወለ፣ አላነሳሁም። ሽማግሌ ላከ፤ ያውም እምቢ የማይባሉትን ኦቦ ቱሉን። ለሟች ነፍስ ስትይ ወረቀቶቹን ስጪው አሉኝ። አባቴ፣ ሟቹ ደንብ ትቶልኛል፤ መጽሐፉን ይመልስና መጨረሻውን ያንብብ አልኳቸው። ኦቦ ቱሉ ጢማቸውን ዳበሱና ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው ብለው ተነሱ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ደረጀ መጽሐፎቹን በጋሪ ጭኖ መጣ። ሰው እንዲያግዘው አልፈቀድኩም። ከበር እስከ በረንዳ ራሱ ተሸክሞ ተመላለሰ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ጎረቤት የማን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ የሽፈራው ነው እንዲል አደረግሁት። ድምፁ ዝቅ ሲል አልሰማንም፣ ድገመው አልኩት። ደስ አለኝ ሽፌ፣ አልዋሽህም።

ከዚያ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንብቦ እንዲመልስ ሰጠሁት። እያነበበ ዓይኑ ሌላ ወረቀት ሲፈልግ አየሁት። የትኛዋን እንደሆነ አውቄያለሁ። ከመታመምህ በፊት ወስዶ ያልመለሳት፣ አሁን ከሌሎቹ ጋር ያመጣት የዚያች መጽሐፍ ናት። አንተ ስድስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ሆነህ፣ ደረጀ መጨረሻውን ሳያውቅ አያስችለውም፣ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል እያልክ ትጠብቀው ነበር። የበሩ ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትል ነበር። አንድም ቀን አልመጣም።

ያቺን ወረቀት ከደረቴ አውጥቼ አሳየሁት። እጁን ሲዘረጋ ቀደድኳት፤ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ቤዛ አፏን ያዘች። መጽሐፍ ላይ ብርጭቆ እንኳ የማታስቀምጥ ሰው ነበርክ፤ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። ተቀየመኝ፣ እችለዋለሁ።

ደግሞ አልጠፋችም፤ ከመቅደዴ በፊት ቃል በቃል አጥንቻታለሁ። አሁን ቤዛ ሌሎቹን ከነመጨረሻቸው፣ ከነማኅተምህ፣ በስምህ በከፈተችው ቻናል እየለቀቀች ነው። ከመተሐራ፣ ከዝዋይ፣ ሽፈራው ጋ ተከራይቼ አነብ ነበር እያሉ ይጽፋሉ። አንድ ጡረተኛ ሹፌር የዚያችን መጽሐፍ መጨረሻ ፈልጎ ከሞጆ ድረስ መጣ። አንተ ቦታ ቆሜ፣ ሳላዛንፍ ነገርኩት። ለመጣ ሁሉ እነግራለሁ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

ስምህን እንግዲህ የማያውቅህም ያነሳዋል፤ እሱን ለቤዛ ትቼላታለሁ። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው። በሩን ስታይ የከረምክበትን ዓይንህን አልረሳም። ለዚያ ደረጀን ይቅር አልለውም።

ያንተዋ በላይነሽ