ሳሙና የነካው ጠብታ

እናትም እኅትም ለሆኑኝ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ደረጃ መውጣቱን እንዴት ይዞታል? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀዎት ወይ? ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ዐይንዎ ዛሬም ይታዘዝልዎታል? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። «በአካሌ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ልጄ በስልክ እየሳቀች ሳትነግርዎ፣ ኀፍረቴን በራሴ ቃል ልንገርዎ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ስለ ልጄ ሥራ በጠየቁኝ ቍጥር፣ ሳይገባኝ «የፈሳሽ ጥናት ነው» ብዬ አልፍዎት ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ባይገባኝ በተሻለኝ። አንድ ጠብታ በሚፈስ ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥና መቼ እንደሚበጠስ ታጠናለች። ቅባትና ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ማወቅ ይሻሉ።

ቤት ብቻዬን እንዳልውል ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራ ክፍሏ ትወስደኛለች፤ ጥግ ላይ ያለችው በርጩማ የእኔ ናት። በጠረጴዛው ላይ ወፍራም ሽሮፕ የሚሞላበት የመስተዋት ገንዳ አለ። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ቀበቶዎች አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲጓዙ፣ መካከል ላይ ያለችው ቀይ የዘይት ጠብታ ትለጠጣለች። መጀመሪያ የስንዴ ቅንጣት ትመስላለች፤ ፍጥነቱ ሲጨመር ወገቧ እንደ ክር ይቀጥንና ብጥስ ትላለች። በሁለቱ ቍራጮች መካከል ጥቃቅን ጠብታዎች ይቀራሉ፤ ልጄ «የልጅ ልጆች» ትላቸዋለች። ፍሰቱ ይጐትታል፣ የጠብታዋ ገጽ ውጥረት ደግሞ ይሰበስባታል፤ ጕተታው ሲያሸንፍ ትበጠሳለች።

ባለፈው ወር ልጄ ገንዳውን ባዶ አድርጋ ወጣ ስትል፣ በመስተዋቱ ላይ የጣት አሻራ አየሁ። መቼም ያውቁኛል፤ እንከን አይቼ አላልፍም። በእጅ መታጠቢያው ሳሙና አረፋ በአረፋ አድርጌ አጠብሁት፤ ለቅለቅ አድርጌም በመሐረቤ አደረቅሁት። ሲያንጸባርቅ አይቼ ራሴን «አበጀህ» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ቀበቶዎቹ ገና ቀስ ብለው ሲዞሩ ጠብታዎቹ ይበጠሱ ጀመር። አለቃዋም የቀድሞው ልኬት ስሕተት ሳይሆን አይቀርም፤ ይጣልና ከአዲስ ይጀመር አላት። የሁለት ዓመት ድካሟ ነው። ቤት መጥታ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ እያንከባለለች ምንም ሳትቀምስ ተቀመጠች። እኔስ ምን አደረግሁ? ጕሮሮዬን ጠርጌ ስለ ጥንቃቄ እንደ ተማሪ ገሠጽኋት። አንገቷን ደፍታ «እውነትህን ነው፣ አባባ» አለችኝ።

በማግሥቱ ቍርስ ላይ፣ የጠብታን ገጽ ውጥረት እንዲህ የሚያላላው እንደ ሳሙና ያለ ነገር እንደ ሆነ፣ እርሷ ግን ገንዳውን ሳሙና አስነክታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ፤ ያጠብሁት ገንዳ ትዝ አለኝ። ያን ያህል ከገሠጽኋት በኋላ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። ልጄ ስትከሳ እያየሁ፣ እታለም፣ ጥፋቴን ደበቅሁ።

ትናንት ግን የጠብታዎቹን ፎቶግራፎች ከግድግዳው እየነቀለች ካርቶን ውስጥ ስትከት አልቻልሁም። ከበርጩማዬ ተነሥቼ «ተዪው፤ በሳሙና ያጠብሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። «እንግዲያው የፊቱ ልኬት ትክክል ነበረ ማለት እኮ ነው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ቀጥላም «ቤት አንድ ብርጭቆ እንኳ አጥበህ አታውቅ፤ የእኔን ገንዳ መረጥህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አለቃዋ በቃል አያምንም። በሚመጣው ቅዳሜ በእርሱ ፊት ጠብታው ከሳሙና በጠራው ገንዳ ይታያል፤ ከዚያ እኔ በዚያው ሳሙና እንደገና አጥባለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ስሕተት በቀይ ቀለም ሳሰምር የኖርሁ መምህር፣ የገዛ ስሕተቴን እጅጌዬን ሰብስቤ በሰው ፊት እደግማለሁ። ሲሸኙኝ «የሰው ዕቃ እንዳትነካ» ብለውኝ ነበር፤ አልሰማሁዎትም።

ለአናጢው ልጅዎና ለባለቤቱ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ትንሿን የልጅ ልጅዎን ጕንጮቿን ይሳሙልኝ። «ነገረ ፈጅ» ለምንለው ጎረቤትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ የሳሙናውን ነገር ግን አደራ፣ እንዳይነግሩት። ልጄ እጅ ትነሣዎታለች። ፎቶግራፎቹን መልሳ ስትሰቅል እኔ ሚስማር አቀብላታለሁ፤ ከሚስማር በቀር ሌላ ነገር እንዳልነካ አስጠንቅቃኛለች።

አክባሪ ታናሽ ወንድምዎ

ከልጄ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ፤ እሑድ ረፋድ