ያላሸነፍኩትን ዋንጫ ውሰዱልኝ ስላለችው ልጅ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዳቢሴ፣ የስፖርት ኮሚቴ ኃላፊ
ሮቤ

እውነት ስለተናገረች ሯጬን ጁሀራን ከክፍለ ሀገሩ የሩጫ ቡድን አባርረዋታል፤ ከቡድኑ በመውጣቷም ያለ ፈቃዷ ተድራለች። ይህን ካልኩ በኋላ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከእርስዎ ይልቅ በሥራ ለሚደክመው ላንድሮቨርዎ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። ጽሑፌን ለቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ የሰጠሁት ሂስ በአደባባይ መሆን አለበት ብለው እርስዎ ራስዎ ስላስተማሩን ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የመንገድ ሠራተኛ ነኝ። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ታግዬ ነው የለየሁት። በከተማው ዳር ባለው ሜዳ ወጣቶችን ሩጫ አለማምድ ነበር። ሩጫ ብቻ ግን አልነበረም። እናቱን የሰደበ በዚያ ቀን አይሮጥም። የተሸነፈ የአሸናፊውን እጅ ሳይጨብጥ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጓደኛቸው ጎባ ሆስፒታል ሲተኛ ተራ ገብተው ይጠይቁታል። ልምምዱ ሲያበቃ ደግሞ ሣሩ ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱ በዕለቱ ያጠፋውን በራሱ አፍ ይናገራል፤ የሚሰማውም አይስቅም፣ አይቆጣም። እርስዎ አንድ ቀን በመኪናዎ መስኮት አይተውን «ሽማግሌው የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ ንስሐ ያስገባ ጀመር!» ብለው እስኪያስልዎ ስቀዋል። ለሳቅዎ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ/ በጎባ መንገድ ላይ የወጣቶች ሩጫ ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ። ሯጮቹ ዞረውት እንዲመለሱ በርሜል አስቀመጡ፤ በርሜሉ ዘንድም ዳኛ አቆሙ። ዝናብ ሲጥል ዳኛው መኪናዎ ውስጥ ገባ፣ ለማድመቂያ ያመጡት የኪነት ቡድንም በርሜሉን ከብቦ ይጨፍር ጀመር። ከፊት የነበረችው የገሰራዋ እኅተማርያም ጨፋሪዎቹን ሰንጥቃ በርሜሉን ዞረች። ትከተላት የነበረችው ጁሀራ ከጨፋሪዎቹ ፊት ተመለሰች፤ በዚህም ቀድማ ገባች። ዋንጫውን በእጅዎ ሰጥተዋት አብረው ፎቶግራፍ ተነሡ። በፎቶግራፉ ላይ ከዋንጫው ይልቅ የእርስዎ ጥርስ ጎልቶ ወጥቷል።

በማግስቱ ጁሀራ ሣሩ ላይ ተቀምጣ «በርሜሉን አልዞርኩም» አለችን። ዋንጫውን ከሰጠሽ ሰው ፊት ተናገሪ አልኳት። ዛሬም ብትጠይቀኝ የምመልስላት ይህንኑ ነው።

፪ኛ/ ስለ ሂስና ግለ ሂስ ስብሰባዎ አመሰግናለሁ። በዚህ ከተማ ራሱን የሚሄስ ሰው ምን ማለት እንዳለበት ሕፃን እንኳን ያውቃል፤ «ለስብሰባ አርፍጃለሁ» ብሎ መቀመጥ ነው። እርስዎም በዚያ ቀን «ያለ ዕረፍት በመሥራት ጤናዬን ጎድቻለሁ» ብለው ራስዎን በጭካኔ ስለሄሱ አዳራሹ አጨብጭቦልዎታል። ጁሀራ ግን ግለ ሂስ ሲባል የምር መስሏት ተነሣች። ዋንጫውን ከሻርፗ ሥር አውጥታ ጠረጴዛዎ ላይ አኖረችና «ያላሸነፍኩትን ውሰዱልኝ፤ የእኅተማርያም ነው» አለች። እርስዎም «አንቺ ልጅ፣ የድሉ ሪፖርት ጎባ ክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት ከደረሰ በኋላ ነው በርሜሉ ትዝ ያለሽ? ቁጭ በይ!» አሏት። «ስቀበል ቆሜ ነበር፤ ስመልስም ቆሜ ነው» አለችዎ። በዕድሜዬ ካሠለጠንኳቸው ሁሉ ከዚህ የተሻለ የሮጠ አላየሁም።

፫ኛ/ ልጅቱን «የአብዮቱን ድል በማንቋሸሽና በንዑስ ከበርቴ አመለካከት» ከክፍለ ሀገሩ ቡድን ስለሰረዟት አመሰግናለሁ። አባቷ አሊዪ በሮቤ ገበያ ሽንኩርት የሚቸረችር ሰው ነው፤ ከበርቴ መባሉን ሲሰማ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። እኅተማርያምም ከገሰራ ድረስ መጥታ ዋንጫዋን ብትጠይቅ «ሽልማት የሚሰጠው በሪፖርቱ መሠረት ነው» ተብላ ተመልሳለች። ዋንጫው አሁን በቢሮዎ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኖ እያገለገለ ነው፤ ያለ ሥራ ከሚቀመጥ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጠውም።

አሊዪ ልጁ በቡድኑ ውስጥ እስካለች ድረስ ለባል እንደማይሰጣት በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከብድሬ አንድ የከብት ነጋዴ አስቀድሞ ጠይቋት ነበርና። ስሟ በተሰረዘ ጊዜ ቤቴ መጥቶ፣ ተቀመጥ ስለው እንቢ ብሎ፣ «ኦቦ ገብረ መድኅን፣ ቃሌ ለቡድኑ ነበር። ቡድን የለም ተባልኩ። እንግዲህ ለብድሬ ሰዎች ምን ልበላቸው?» አለኝ። እኔም ማንንም ለምኜ የማላውቅ ሰው ወደ ቢሮዎ መጣሁ። «ሽማግሌ፣ በርሜሉን ዞሬአለሁ ብላ ትፈርም፤ ነገውኑ ትመለሳለች» አሉኝ። ቃልዎን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩላት። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?» አለችኝ። አልፈርምም አልኳት። «እንግዲያው ምን ይጠይቁኛል?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ሙሽራ ሆና በከብት ጭነት መኪና ጋቢና ወደ ብድሬ ሄደች።

፬ኛ/ ሜዳዬን ለምርት ዘመቻ ገብስ ስለዘሩበት፣ ልጆቹንም ለአዲስ አሠልጣኝ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ትጉህ ነው። ባለፈው ስብሰባ ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ «አርፍጃለሁ» እያሉ ሲቀመጡ ሰምቻለሁ። እኔ በዓመታት ያስተማርኩትን እርስዎ በአንድ ወር አስረስተዋቸዋል። ለዚህ ችሎታዎ ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ሌላ የማነሣልዎ ነገር የለኝም።

ወንበርዎ ክብደትዎን፣ ሕዝቡም እርስዎን እንዲችል እየተመኘሁ፣ ከከፍተኛ አክብሮት ጋር
ገብረ መድኅን ደግፌ
ሰኔ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ካነበቡ በኋላ ሊያነጋግሩኝ ይፈልጉ ይሆናል፤ አይድከሙ። ቢሰድቡኝም፣ ቢያስሩኝም፣ ይባስ ብለው ይቅርታ ቢጠይቁኝም መልስ አይኖረኝም። ባለፈው እሑድ ከብድሬ የመጣ ሰው የጁሀራን ሰላምታ ሊያደርሰኝ ሲጀምር፣ የምቀበልበት ፊት ስለሌለኝ አፉን አስይዤ ሸኝቼዋለሁ። ስለዚህ ነገር ለማንም የምለው እዚህ ላይ አልቋል።