የወይራ ገደልን ጫካ የዘጉት የመምህር ክንዱ እጅጉ የሕይወት ታሪክ (1942–2014 ዓ.ም.)

መምህር ክንዱ እጅጉ ከአባታቸው ከአቶ እጅጉ ሐብቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ እታለም አምላኩ በቡሬ አካባቢ፣ ወይራ ገደል በምትባል መንደር መስከረም 12 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ተምረው በ1962 ዓ.ም. መምህር ሆኑ። በሽንዲ፣ በደምበጫና በቡሬ አርባ ዓመት ሳይንስ አስተማሩ። ድምፃቸው ከደወሉ ይበልጥ ይሰማ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ይመሰክራሉ። በ1970 ዓ.ም. ወ/ሮ የሻሽወርቅ ቂርቆስን አግብተው ሕሊናንና ዘሚካኤልን ወለዱ።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው መንደራቸው ሲገቡ ማረፍ አልሆነላቸውም። በዓመቱ ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ጫካና ጉሬዛዎቹን ለእንግዳ የሚያስጎበኝ ማኅበር አቋቋሙ። ገቢው የምንጭ ውኃ ወደ መንደሩ እንዲያስገባ ሁሉም ተስማማ።

እዚህ ላይ ስሕተታቸውን ብንዘል እሳቸው ራሳቸው አይምሩንም። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ፣ እንግዳ በእኛ አገር እሾህ ሊወጋው ነው ወይ ብለው ደቦ ጠሩ። መንደርተኛው ጫካውን እንደ ሠርግ ቤት ግቢ መነጠረው፤ ሐረጉ ተቆረጠ፣ ቁጥቋጦው ተጠረገ፣ ጭራሽ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። መሸሸጊያና መሻገሪያ ያጡት ጉሬዛዎች ገደሉን ተሻግረው ሄዱ። እንግዶቹም ጠላ ጠጥተው፣ አመስግነው፣ አንድም ጉሬዛ ሳያዩ ተመለሱ። አርባ ዓመት ሳይንስ ላስተማረ ሰው ይህ ቀላል ውርደት አልነበረም።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ፤ ጫካው ሦስት ዓመት እንዲዘጋም ለመኑ። ውኃውን ሲጠብቁ የነበሩት እናቶች ክፉኛ ተቆጡ። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ሳይቀሩ፣ ጉሬዛው እስኪታረቀን የእኛ ጀርባ ይላጥ ወይ ብለው ጠየቋቸው። መምህር ክንዱም ጀሪካን ገዝተው ሦስት ዓመት ሙሉ ከባለቤታቸው ጋር ምንጭ ወርደው ውኃ ቀዱ። በመጀመሪያ የሳቁባቸው ወንዶች በየቤታቸው እየተገደዱ አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

በ2006 ዓ.ም. ጉሬዛዎቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ተመለሱ፤ ጎብኚውም ተከተለ። በ2009 ዓ.ም. የቧንቧ ውኃ መንደር ሲገባ መምህር ክንዱ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ጫካው በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ዕረፍት ያደርጋል፤ ሹም ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ አይከፈትም።

መምህር ክንዱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 19 ቀን 2014 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። የአንዲት ሚስት ባል፣ የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ።

ወሩ ሰኔ ነውና አስከሬናቸው በጫካው አቋራጭ እንዳያልፍ ተናዘዋል። ስለዚህ ዛሬ ዳገቱን አዙረን፣ በጭቃው መንገድ ላደከምናችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃል። እንኳን ለእኛ ለራሳቸውም አልከፈቱትም። እኛን ያዞሩንን እሳቸውን ግን አምላካችን በአቋራጩ ወደ ገነት ያስገባልን። አሜን።