ፊታቸውን ያዞሩ ሥዕሎች

ሀርለም፣ 1662

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ዝናብ። ብርሃኑ እስከ ቀትር እንኳ አልበቃኝም... የኤቨርትን ሥዕል ጨረስኩ። አሸዋማ ኮረብታ፣ ከላዩ ሰማይ፣ ብዙ ሰማይ። እሱ መሬቱንና ሰማዩን ይሥላል፣ እኔ ሰዎቹን እጨምርለታለሁ። ከታች የሚጻፈው የሱ ስም ነው። ለምደነዋል። ዛሬ ሁለት ገበሬና አንድ ውሻ።

አመሻሹ ላይ ሊወስደው መጣ። አየት አደረገና፣

«ዮስት፣ እነዚህ ሰዎችህ አኩርፈውናል እንዴ? ጀርባቸውን የሰጡን ምን አድርገናቸው ነው?»

«ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው።»

«ውሻውም?»

ሳቅን። እውነቱን አልነገርኩትም። ሚስቴ ሄስተር ከሞተች ወዲህ ፊት መሣል አልሆነልኝም። የማንንም ፊት ስጀምር እሷን ይመስልብኛል። ጀርባ ይሻላል።

እራት ዳቦና የጨው ዓሣ። ብቻዬን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ኤቨርት ባዶ እጁን መጣ። ቆቡን አላወለቀም።

«ሥዕል ገዢዎቹ አሁን የሚፈልጉት ባዶ ሜዳ ነው» አለ። «ሰው የሌለበት። የሰዉ አምሮት ተቀይሯል። ያልፋል።»

«እኔስ?»

«አንተማ የራስህን ሣል። ፊት ያለው።»

ፊት ያለው... ደሜ ፈላ። ባዶ ሰማይህን ይዘህ ሂድ አልኩት። ሄደ። እስከ በር እንኳ አልሸኘሁትም።

ከእንግዲህ ይህን በር ማን ሊያንኳኳው ነው?

እሑድ፣ ኦክቶበር 22

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኤቨርት ከሩቅ እጁን አነሳልኝ። ያላየሁ መስዬ አለፍኩ። ያስል ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ያናገርኩት ድመቷን ብቻ ነው። እሷም ስትራብ ነው የምትሰማኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 6

በሩ ተንኳኳ። ኤቨርት ነው ብዬ እየሮጥኩ ከፈትኩ። መርዶ ነጋሪው ነው፣ ጥቁር ካባውን ለብሶ። «ሠዓሊው ኤቨርት ዛሬ ማለዳ አርፏል» አለና ወደ ጎረቤት አለፈ። ሳንባው ነው አሉ።

ያኔ እጁን ሲያነሳልኝ እኔም ባነሳ ምን ይቀንስብኝ ነበር?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ቀበርነው። ከዚያ ለቅሶ ቤት። እንደ ወጉ መስተዋቱ ተሸፍኗል፣ በየግድግዳው ያሉት ሥዕሎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ስድስት ሳምንት እንዲሁ ይቆያሉ። የሚታየው ጀርባቸው ብቻ... እንጨት፣ ምስማር፣ የሸረሪት ድር።

አንዱ ግን አልዞረም። የኔው። ሄስተር መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስትሰፋ። ከሞተች በኋላ ቤቴ ውስጥ ላየው አልቻልኩም፤ ኤቨርት «እኔ ጋ ትቀመጥ» ብሎ ወሰደው። ስሜ ያለበት ብቸኛ ሥዕሌ ነው።

የሌላው ሁሉ ሲዞር የኔን ማን ከቁም ነገር ይቁጠረው። ለነሱ ሥዕል አይደለም ማለት ነው፣ የድስት ክዳን ነው። ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የኤቨርትን ሚስት ኔልቴን እንኳ አልተሰናበትኩም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 18

ምንም አልሠራሁም። ማንም አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 28

ኔልቴ መጣች። የአተር ሾርባ በማሰሮ ይዛ።

«ለቅሶ ጥሎ የሚጠፋ ወዳጅ ባንተ አየሁ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ትንሽ ታገልኩና ተናገርኩ። የሁሉንም አዞራችሁ፣ የኔን ብቻ ናቃችሁት አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። «አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? የሚዞረው እኮ ሥዕል ነው። እሷ ሄስተር ናት። ኤቨርት በየጠዋቱ ‹ደህና አደርሽ› ሳይላት ብሩሽ አያነሳም ነበር። ለቅሶዬን ልትደርስ ለመጣች ሴት ፊት ልንሳት?»

አለቀስኩ። ለሄስተር ይሁን ለኤቨርት እንጃ... ሾርባውን አብረን ጠጣን። ጨው በዝቶበታል። አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 20

ስድስቱ ሳምንት አለቀ። ኔልቴ አስጠራችኝና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፊታቸው መለስን። አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን።

በመጨረሻ ኤቨርት ጀምሮት የነበረውን አወጣች። ባዶ ሜዳ፣ ብዙ ሰማይ፣ አንድ መንገድ። መንገዱ መሐል አውራ ጣት የምታህል ቦታ ቀለም አልነካትም። ለሰዎቼ ቦታ የሚተውልኝ እንዲህ ነበር።

«ገዢዎቹስ?» አልኩ።

«‹ይሄን አልሸጠውም፤ ዮስት ኩርፊያው ሲበርድለት ይመጣል› ነው ያለኝ።»

እዚያው፣ በሱ ብሩሽ ጀመርኩ። አንድ ሰው ብቻ። ቆቡን እንዳጠለቀ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ። ፊቱ የምስር ፍሬ አታክልም፤ ግን ኤቨርት ነው፣ ሌላ ማንንም አልመሰለብኝም። ወደኛ ነው የሚመጣው።

ኔልቴ ከጓዳ «እራት ደርሷል» አለች። ብሩሹን አስቀመጥኩ። ከዚያ፣ ማንም ሳያየኝ፣ እኔም እጄን አነሳሁለት።