ከድርን ዝም ያሰኘሁበት ሳምንት

ሰኞ
ሁሉም አልወጣም። ዶክተሯ ቁርጡን ነገረችን። ባለቤቴ ከድር ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ቁስሉ ደርቋል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረው ዕጢ ግን ክፉ ዓይነቱ ነው። «ዝም ብሎ የተቀመጠ እብጠት አይደለም» አለች። የአንጎል ሴሎች መልእክት ሲለዋወጡ እሱም ክሩን ዘርግቶ መሀላቸው ይገባል፤ በእነሱ ወሬ ያድጋል። ከድር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ «ወሬ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዤ ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ተመለስኩ።

ማክሰኞ
ቤቱን ጸጥ አሰኘሁት። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ስልኩን ደበቅኩ። ሊጠይቁት የመጡ ጎረቤቶችን እያፈርኩ ከበር መለስኩ። ጨርቅ ሲሸጥ ድምፁ ፌርማታው ድረስ የሚሰማ ሰው፣ ዛሬ አፉን በከፈተ ቁጥር ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርግበታለሁ። እሱ ካልተናገረ ዕጢው አያድግም። አይደል?

ረቡዕ
አማቴ ከሳንሱሲ መጡ። አንድ ሰዓት ያህል ታገሡኝ። ከዚያ «ሰዓዳ፣ ልጄን በቁሙ ቀበርሽው እኮ!» አሉ።
ከሰዓት በኋላ ከድር እስክሪቢቶ እንዳመጣለት በምልክት ጠየቀኝ። ቀኝ እጁ ገና ስለሚዝል በግራው፣ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈ፦ «ምን አጠፋሁ?»
ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ
ያለ ቀጠሮ ሄድኩ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ዶክተሯን ጠበቅኳት። የሠራሁትን ስነግራት አልሳቀችብኝም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ አላስረዳሁሽም» አለች። አንጎል ሰው ዝም ሲልም፣ ሲተኛም ሥራ አይፈታም። «ዝምታ ዕጢውን አያስርበውም፤ ባልሽን ነው የሚያስርበው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የጠፉበት ቃላት እንዲመለሱለት አዋሩት።»
ክሩን የሚበጥስ መድኃኒት የለም ወይ አልኳት። እየተመራመሩበት ነው፣ ለጊዜው ያለን ጨረርና ኪኒን ነው አለች። አልዋሸችኝም። አላህ ይስጣት።
ቤት እንደገባሁ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ቃል በቃል እየፈለገ፣ «እኔ... የተጣላሽኝ... መስሎኝ» አለ። እጁን ይዤ ይቅር በለኝ አልኩት። ራሴን ዳበሰኝ።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ የመለስኳቸው ጎረቤቶች ሁሉ መጡ። ቂም የሚባል ነገር የለም። ከድር አወራ! «ሱሪ» ለማለት «ትራስ» ይላል። «መጋረጃ» ሲጠፋበት «ያ... የመስኮት ቀሚስ» አለ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን፤ ከማንም በላይ የሳቀው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ስለሰጠኝ ምን ብዬ ላመስግን?

እሑድ
ነገ ጨረሩ ይጀመራል። አዘጋጅቻለሁ፦ ካርዱን፣ ውሃ፣ ሹራብ፣ ሙዝ። ፈርቻለሁ። ምን ያህል ጊዜ አብረን እንደምንቆይ አላውቅም፤ ዶክተሯም አላውቅም ብላኛለች።
ይህን ስጽፍ ከድር ሳሎን ውስጥ ከእናቱ ጋር በስልጢኛ ይከራከራል። ስለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸው እየተሸነፉ ነው መሰለኝ። አልሐምዱሊላህ።