የስድስት ወር ኪኒን

ሰኞ፣ መጋቢት 14

«የለም» አለኝ ይሄኛውም። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከኦሎምፒያ ጀምሬ ቦሌን፣ መገናኛን፣ ገርጂን ሳዳርስ ዋልኩ፤ ያልገባሁበት ፋርማሲ የለም። መልሱ አንድ ነው። አልቋል፣ ከውጭ አልገባም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሞክሩ። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ የለሁም። እሑድ ማታ እበራለሁ።

እግሬ አብጧል። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ነገሩን ለራሴ ላስተካክለው፣ ጭንቅላቴ ተዘበራርቋል። ልጄ ሕሊና ካናዳ ናት፤ በሚያዝያ ትወልዳለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። የቆየላት ይሄኛው ብቻ ነው። እናት የሌላት ይመስል በባዕድ አገር ብቻዋን አትታረስም፤ ስድስት ወር አብሬያት ልቆይ ነው። እኔ ደግሞ ልቤ ውስጥ የብረት ቫልቭ ያለኝ ሴት ነኝ። ደሜ እዚያ ብረት ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ ዋርፋሪን እውጣለሁ። ካቋረጥኩ ይረጋል። የረጋው ደም ወይ ልቤን ያቆመዋል፣ ወይ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ሽባ ያደርገኛል።

ካናዳ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም አሉ። የጉዞ ኢንሹራንስ የሸጠችልኝ ልጅ ድሮ የነበረ ሕመም እንደማይሸፍን በፈገግታ ነግራኛለች። ሕሊና ትናንት በስልክ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ሞልተሽ ነይ እሺ?» ስትል እሺ አልኳት። እዚህ መጥፋቱን አልነገርኳትም። እርጉዝ አይደለች፣ ምን ልበላት።

ማክሰኞ

ዶክተሯ የልጄ እኩያ ናት። የአንድ ወር ብቻ ጻፈችልኝ። ደምዎ በየወሩ ሳይታይ የስድስት ወር እንዴት አዝዛለሁ አለች። እውነቷን ነው። እውነት ግን አውሮፕላን ላይ አያሳፍርም። ተከራከርኳት፣ ቀጥሎ ለመንኳት። በመጨረሻ የስድስት ወሩን ጻፈችው፤ መንገድ ላይ ለሚጠይቅ ሰው የማሳየውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤም ማኅተም መትታ ሰጠችኝ።

ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጣ አስጠናችኝ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይሄድም፤ ሻንጣ ይጠፋል። ከነካርቶኑ ይሁን። እዚያም ቢሆን በየወሩ ደም መታየት አለበት፣ የት እንደሚታይ ልጅዎ ካሁኑ ትጠይቅ። ጾም ነው ብለው ጎመን ላይ ብቻ አይዝመቱ፣ ጎመን መድኃኒቱን ያደክመዋል።

ጎመን ከቀረብኝማ ምን ልብላ፣ ሽሮ ብቻ? ስላት «ሽሮም ምግብ ነው እናቴ» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። በዚህ ሳምንት የሳቅኩት እዚያ ብቻ ነው።

ማዘዣውን ይዤ ወጣሁ። ኮርቻ ተሸክሞ በቅሎ ፍለጋ።

ከሰዓት በኋላ እዚሁ አያት ሰፈሬ ያለው ፋርማሲስት ዳዊት ደወለ። ትንሽ ገብቶለታል። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ሩጫ ከተባለ። ምን ያህል ልስጥዎት ሲለኝ «ያለውን በሙሉ» አልኩት። ወደ መደርደሪያው ዞሮ አየ። «እትዬ አስካለ፣ ሌሎችም ደንበኞች አሉኝ እኮ» አለ። ማዘዣውን ዘረጋሁለት። ልጄን፣ ሁለቱን የወረዱባትን ጽንሶች፣ መንገዱን ነገርኩት። እንባዬ መጣ፤ የውሸት እንባ አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ አስረከበኝ። መደርደሪያው ላይ ምንም አልቀረም።

ድል ነው። ተመስገን አምላኬ! ዛሬስ እተኛለሁ።

ረቡዕ

ሻንጣ ቀኑን ሙሉ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ። ቅቤው እንዳይፈስ በሦስት ፌስታል ጠቀለልኩት፣ አሁንም አላመንኩትም። መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳዬ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ሲታይ ደስ ይላል።

ሕሊና በቪዲዮ ደውላ እግሯን አሳየችኝ፣ ድንች መስሏል። ገንፎ አማረኝ አለች። አይዞሽ፣ እየመጣልሽ ነው አልኳት።

አመሻሽ ላይ ሰሚራ ደወለች።

ሰሚራ አያት ገበያ ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ ልጅ ናት። በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ክፍል፣ አልጋችን ጎን ለጎን ሆኖ ነው ልባችን በቀዶ ጥገና የተከፈተው። በዕድሜ እናቷ እሆናለሁ፤ ደረታችን ላይ ያለው ጠባሳ ግን እኩያ ነው። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ሕግ አለ፤ የያዘ ላጣ ያበድራል። ዋርፋሪን እንዲህ በሚጠፋበት አገር ሌላ ዘዴ የለም። አምና እኔ ሳጣ ከራሷ ላይ ቀንሳ በባጃጅ ልካልኛለች፣ የኮንዶሚኒየማችን ጠባቂ በር ላይ ተቀበለልኝ።

«እትዬ፣ ዋርፋሪን ይኖርዎት ይሆን? አንድ ስትሪፕም ቢሆን» አለችኝ።

«የለኝም የኔ ልጅ። እኔም እየፈለግሁ ነው» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነበር።

  «እሺ እትዬ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎት። ሕሊናንም አላህ በሰላም ይገላግላት» ብላ ዘጋች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ። የሚዋሽ ተማሪ ከበሩ ሲገባ በአረማመዱ ነበር የማውቀው። እኔ ስዋሽ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል። እሷ ሌላ ቦታ ታገኛለች። ወጣት ናት፣ ትዞራለች።

ሐሙስ

አልተኛሁም።

አንድ ስትሪፕ ብሰጣትስ? አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛውን ትጠይቃለች። ከዚያ እኔ በባዕድ አገር አጉል ሆኜ ብወድቅ ለማን ልሆን? አራሷ እኔን ልታስታምም? ይሄን ለራሴ ስነግረው ልክ ነው። ጮክ ብዬ ስናገረው ግን ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኛል።

ጎረቤት ሁሉ ሊሰናበት መጣ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፣ ሁሉም «ለልጄ አድርሺልኝ» ይላል። የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ለልጇ አንድ ጀሪካን ማር ይዛ ብቅ አለች። ልጇ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ከኔ ልጅ ቤት የአውሮፕላን መንገድ ነው አሉ። «ታዲያ ካናዳ አይደለም እንዴ?» ብላ ተቀየመችኝ።

ሁለት ጊዜ የሰሚራን ቁጥር አወጣሁ። ሁለቴም ስልኩን አስቀመጥኩት።

የማክሰኞው የደም ምርመራዬ ጥሩ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ዓርብ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። 

ጠዋት ለመንገድ የእግር ካልሲ ልገዛ ዳዊት ጋ ገባሁ፣ ያ ደም እንዳይረጋ እግር የሚያጠብቀውን። ካልሲውን እየጠቀለለ «ሰሚራስ መጣች እርስዎ ጋ?» አለኝ። ምን ልትል አልኩት። «ረቡዕ ጠዋት መጥታ ነበር። አልቆብኛል ብዬ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። አይዞሽ፣ እትዬ አስካለ ትናንት ወስደውታል፣ እሳቸው አይጨክኑብሽም አልኳት» አለ።

ረቡዕ ጠዋት። እኔ ጋ የደወለችው አመሻሽ ላይ ነው።

እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። እያወቀች ነው መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎት ያለችው።

ካልሲውን ባንኮኒው ላይ ትቼው ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ገበያው ጋ ደረስኩ። ሱቋ ተዘግቷል። ባልዲና ጆጎ ሁልጊዜ ደጅ ድረስ ይደረደር ነበር፣ ዛሬ ባዶ ነው። አጠገቧ ጫማ የሚሸጠው ሰውዬ ነገረኝ፤ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ቁልፉ ከእጇ ወደቀ፣ ልታነሳው ጎንበስ አለች፣ በዚያው ቀረች። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር አለኝ። ሆስፒታል የወሰደቻት እህቷ ሐያት ናት።

ሐያት ስልክ አነሳችልኝ። ሰሚራ መድኃኒቱ እንዳያልቅባት ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያጋመሰች ስትወስድ ነበር። ማክሰኞ እሱም አለቀ።

አምላኬ ይቅር በለኝ። ማክሰኞ እኔ ተመስገን ብዬ የተኛሁበት ቀን ነው።

ቅዳሜ

ሄድኩ። በሩ ላይ ልመለስ ነበር፤ ሐያት አየችኝና እቅፍ አድርጋ አስገባችኝ። ምንም አታውቅም ማለት ነው። ማቀፏ ከጥፊ ባሰብኝ።

ሰሚራ ነቅታለች። ግራ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ቃሏ ይጎተታል፣ ግን ይሰማል። ሐያት ውኃ ልትገዛ ስትወጣ አልጋው ላይ ደፋ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። «ዳዊት እንደነገረሽ ለምን አላልሽኝም? ብትነግሪኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አልኳት።

ብዙ ጊዜ ወሰደባት። «ጠየቅሁዎት እኮ እትዬ» አለች።

 ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ተማሪ የሚመልሰው ዓይነት መልስ ነው፤ ለተጠየቀው ብቻ።

መድኃኒቱን አውጥቼ ግማሹን ለሐያት ሰጠኋት። ለጊዜው በመርፌ ነው የሚረዷት፤ ኪኒኑን ሐኪሞቹ ሲፈቅዱ ትጀምራለች አለችኝ። ሐያት እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል እጄን ነጠቅኩ። እዚያው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣልኝም፤ ሰሚራ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሁሉንም ሰጠሁ ብዬ እዚህ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግማሹን ነው የሰጠሁት። ስሰጥም በዓይኔ እየለካሁ ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ቦሌ፣ የመሳፈሪያው አዳራሽ። ቅቤው አለፈ። በእጅ ቦርሳዬ ያለውን መድኃኒት ፈታሿ አገላብጣ አየች፣ ደብዳቤውን አነበበች፣ «እግዜር ይማርዎት እናቴ» ብላ መለሰችልኝ። አሜን ለማለት አፈርኩ።

ሕሊና ደወለች። «መድኃኒትሽን ሞላሽ?» አለች። አዎ ልል ነበር። አንድ ቃል ነው፣ ቀላል ነው፣ ለምጄዋለሁም። አላልኩም። ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ መጥፋቱን፣ ዳዊትን፣ ሰሚራን፣ ጉልበቴ ላይ የነበረውን ቦርሳ።

 አለቀሰች። «እማዬ፣ እዚህ እኮ ከፍለሽ የሚያይሽ ሐኪም አለ። አንድ ቀን ብትነግሪኝ እጠይቅልሽ ነበር» አለች። ነገ ጠዋት ደውላ ቀጠሮ ልትይዝልኝ ነው። ካልተሳካ ሦስት ወር ቆይቼ እመለሳለሁ።

አንድ ቃል ለልጄ ብተነፍስ የዳዊት መደርደሪያ ላይ ለሰሚራ የሚሆን ይቀር ነበር። እርጉዝ አላስጨንቅም ብዬ ነው። አሁን እርጉዟም እያለቀሰች ነው።

የሰሚራ እጅ ዛሬ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ልጠይቅ ሐያት ጋ ደወልኩ። አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። ሰው መሰለፍ ጀምሯል፣ ስልክ አጥፉ ሊሉን ነው። አንድ ጊዜ ልሞክር።

ይጠራል።