አንድ ጉንጭ ውኃ

ጥቅምት 9
ኪዳን አድርሼ ተመለስኩ። ገና ከበሩ ሳልገባ ጉሮሮዬን ዳሰስኩ። ያቺ ነገር አለች... ሽምብራ የምታክል። ስውጣት ትወርዳለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ምራቄን ስውጥ ዋልኩ። ባለቤቴ አደይ አይታኝ፣ ደግሞ ጀመረዎት ወይ አለች። ይህ ጉሮሮ ከእኔ ይልቅ እሷን አሰልችቷታል።

ጥቅምት 14
ሌላ ሆስፒታል። እዚህም በካሜራ አይተው ንጹሕ ነው አሉ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን አላቃለለችኝም። ሕመሙ እውነት ነው፣ ያከበደው ፍርሃቱና ነጋ ጠባ መፈተሹ ነው አለች። ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ልትልከኝ... እኔን? ቆሜ የምቀድሰውን ሰው? ጥያት ወጣሁ። ካሜራው ቢስትስ?

ኅዳር 1
ልጄ ማህሌት ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ ደወለች። በስንት ስለት የወለደቻት ሕፃን ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። ክርስትናው እዚህ ባሕር ዳር፣ በእኔ እጅ እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ግን... ጉሮሮዬን ነው የዳሰስኩት።

ኅዳር 11
ምን ብዬ ልጻፈው...
ለክርስትናው ጾሜን አደርኩ፤ የቀዳሽ ሕግ ነው። ጎሕ ሲቀድ ፊቴን ስታጠብ ጉሮሮዬ ጥብቅ አለ። ተዘጋ? በቅዳሴው መካከል ቢያንቀኝስ? ልሞክረው ብዬ አንድ ጉንጭ ውኃ ዋጥኩ። በደህና ወረደ። ያደረግኩት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ውኃ የቀመሰ ቄስ አይቀድስም፣ አያጠምቅም። ደብቄ ልግባ? አልደፈርኩም። ለደብሩ ባልደረባዬ ለቄስ ወልደ ዮሐንስ ነገርኩት፣ እሱ ገባልኝ። ማህሌት ልጇን ታቅፋ በዓይኗ ስትፈልገኝ ቀረብኳት።
«ውኃ ጠጥቻለሁ።»
«ጠምቶዎት ነው?»
«አይ... ይወርድ እንደሆነ ልይ ብዬ።»
አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የልጅ ልጄን ለቅሶ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ምነው እጄን በቆረጠው።

ኅዳር 12
ወደ ቁንዝላ ተመለሱ። ጀልባው ድረስ ልሸኛቸው ስነሳ ማህሌት፣ ይረፉ አባ፣ ያመዎታል አለች። ከልቧ ነው። እሱ ነው የከፋው።

ጥር 20
ከክርስትናው ወዲህ እሺ ብያለሁ፤ ዛሬም አእምሮ ሕክምና ክፍል ነበርኩ። ነርሷ «ቄስ ሀብተ ሥላሴ» ብላ ስትጣራ አንድ የደብራችን ምእመን ዞሮ አየኝ። አፈርኩ፣ ግን ገባሁ። ያቺ ነገር አሁንም አለች። እንዳልፈትሻት ነው የምለማመደው። አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል።

ማታ ለማህሌት ደወልኩ። እንደ ልማዷ ስለ ጉሮሮዬ ጠየቀች። ተይው አልኳት። «የልጅቱ ክርስትና ስም ማን ነው?»
«እስካሁን አያውቁትም?»
«አልጠየቅሁሽም።»
«ወለተ ሥላሴ» አለች፤ «እንደ ስምዎ ይሁን ብዬ ቄስ ወልደ ዮሐንስን ለምኜ ነው።»
ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ።